ነፃ ጥሪ

ዘንድሮ ለአንድ ወር ያህል አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ተመለስኩ። ለጉዞው ሽር ጉድ ስል የሰፈራችን ጎረምሶች ሁሉ የስልክ አማካሪ ሆኑብኝ። "ጋሼ፣ ሮሚንግ የሚባል ነገር እንዳይነኩ! እዚያ ሆነው ሰው ቢደውልልዎት እንኳ እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት። ዳታውን ቦሌ ላይ ያጥፉት፤ ዋይፋይ ሲያገኙ ብቻ ይደውሉ።"

ምክራቸው እውነት ነበር፤ እንዳሉኝም አደረግኩ። ከባለቤቴ ጋር በዋትስአፕ፣ ከወንድሞቼ ጋር በቴሌግራም ፊት ለፊት እየተያየን ስናወራ ከረምን። አንድ ቀንማ ባለቤቴ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እኔም ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ሳያት፣ አርባ ደቂቃ ያህል ቁም ነገር ሳንነጋገር ቆየን። ወጪ? ዜሮ።

በ1990ዎቹ እንዲህ አልነበረም። እዚያ አገር ባሉ የሐበሻ ሱቆች የስልክ ካርድ ከእንጀራውና ከበርበሬው ጎን ይሸጥ ነበር። ካርዱን ፍቀህ፣ ያንን ሁሉ ቁጥር ነካክተህ፣ መስመሩ ሲገባልህ የአገራችን ሰላምታ ይጀምራል፤ "ደህና ነህ? ደህና ነሽ? ልጆቹስ? ከብቱስ?" ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። አንዳንዴም ከአሜሪካ የተደወለው ጥሪ እዚህ የአገር ቤት ቁጥር ይዞ ብቅ ይል ነበር። ከውጭ የሚገባ ጥሪ ለተቀባዩ አገር የቴሌ ድርጅት በደቂቃ ይከፈልበታል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ያንን ለመሸሽ ጥሪውን በኢንተርኔት አምጥተው በአገር ቤት ሲም ካርድ የሚያሾልኩ ሰዎች ነበሩ። መንግሥትም በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበርን የሚመለከት አዋጅ አውጥቷል።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚደረገው ጥሪ ያንን የደቂቃ ክፍያ ዘሎት ይሄዳል። ስካይፕ በ2003 እ.ኤ.አ. መጥቶ መንገዱን ጠረገ፤ እሱ ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም ልጆቹ በየኪሳችን አሉ። ታዲያ ምን ጎደለ?

እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ስልኳ ቁልፍ ያላት፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ቀናት የምትከርም፣ በመሐረብ ተጠቅልላ ትራስ ሥር የምትቀመጥ ናት። ዋትስአፕ የለም፤ ቴሌግራም የለም። ለእሷ ከአሜሪካ ለመደወል እንደ ድሮው በደቂቃ መክፈል ያስፈልጋል። በአንድ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ደወልኩላት? ሁለት ጊዜ። ስደርስና ልመለስ ስል።

ከተመለስኩ በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ቡናው ተፈልቶ አቦል ስትቀዳልኝ፣

"ልጄ፣ እዚያ አገር ስልክ የለም እንዴ?" አለችኝ። አሽሙር አልነበረም፤ የእውነቷን ነው።

"ውድ ነው እማዬ።"

"አዬ! እንግዲያስ ከሚስትህም ጋር ሳትነጋገሩ ነው ወሩን የገፋችሁት? እንዴት ቻላችሁት!"

ዝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ አንድ ነገር እደጋግም ነበር፤ "ገጸ ባሕርይን የምታውቁት ከሚናገረው ብቻ አይደለም፤ ማንን እንደማያናግር ተመልከቱ።" ይህን ስል የኖርኩ ሰውዬ በራሴ ታሪክ ውስጥ ስገባ አላየሁትም። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" ይባላል። እኛ ግን ዘመዶቻችንን ዋይፋይ ያለውና የሌለው ብለን ለሁለት ከፍለናቸዋል። ለአንዱ ሽንኩርት ሲከትፍ እንኳ አብረነው እንውላለን፤ ሌላው መርዶና በዓል ሲመጣ ትዝ ይለናል። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ያጣነው ገንዘብ አልነበረም። ልጄ ቤት አጠገብ በየጠዋቱ በምጠጣው በአንዱ ማኪያቶ ዋጋ ከእናቴ ጋር ቢያንስ አሥር ደቂቃ አወራ ነበር። ድሮ ጥሪ ሁሉ ውድ በነበረ ጊዜ ካርዱን የምንፍቀው መጀመሪያ ለእናት ነበር። ነፃ ጥሪ ሲመጣ ግን፣ ጥቂት ሳንቲም የሚያስወጣው ጥሪ የማይቀመስ መሰለን።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሳምንታት በተዘጋ ጊዜ አገር ቤት ያለ ሰው ሁሉ እንደ እናቴ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ በውጭ ያሉ ልጆቻችን ከፍለው በተራው ስልክ ደወሉልን። ሲጨንቅ መክፈል ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ መንገደኛ ሆይ፣ ሮሚንጉን አጥፋው፤ ዋይፋዩንም ተጠቀምበት። ነገር ግን ከመሄድህ በፊት ስልኳ ቁልፍ ላላት ዘመድህ የምትደውልበትን ሒሳብ ለይተህ ያዝ። ወይም ስማርት ስልክ ያለውን የጎረቤት ልጅ አስቀድመህ አነጋግረው፤ እሑድ እሑድ ቤቷ ብቅ ይበልልህ። እኔ ይህ የታየኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ለፋሲካ ከባለቤቴ ጋር ማርቆስ ልንወርድ ነው። የሽንኩርቱን ነገር እንዳታነሳብኝ ከወዲሁ ለምኛታለሁ።