የመንገድ ብዛትና የቤት ባዶነት

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው፥ ከተማይቱ ልጆችዋን ወደ ሩቅ ለመላክ የተሰናዳች ሊመስለው ይችላል። በአንድ ወገን የቦሌ መንገድ ተነሥቶ ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ይሄዳል፤ በሌላው ወገን ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ ይጀምራል፤ የቀድሞው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ከዚያው አጠገብ ነው፤ ጥቂት ከፍ ሲሉ ደግሞ ካዛንችስ ከነሆቴሎቹና ከነስብሰባ አዳራሾቹ ይገኛል። የሩቅ አገር አውቶቡሶችም ጎሕ ሳይቀድ ለብዙ ዓመታት መንገደኛ የጫኑት ከዚሁ አደባባይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ግን ዘመድ ሊጠይቅ ወይም ታቦት ሊሳለም ስለሚሄደው መንገደኛ አይደለም። የምንናገረው ሥራው ራሱ መመላለስ ስለ ሆነበት ሰው ነው፤ በወር ውስጥ ከቤቱ ይልቅ በሆቴል ስለሚያድረው ባለሙያ፥ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ስለሚበርረው ሹም፥ ወደ ዱባይና ወደ ጓንጁ እንደ መርካቶ ስለሚመላለሰው ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለው ኑሮ በወጣቶች ዘንድ በጣም የተመሰገነ ሆኗል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፥ የሥራውን ምንነት ከመረዳቱ በፊት «መስክ አለው ወይ? ውጭ ያስኬዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያስኬዳል የተባለ እንደ ሆነ ፊቱ ይበራል።

ይህን ምስጋና መመርመር ይገባል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የጉዞውን አበል የሚቀበለው አንድ ሰው ነው፤ የጉዞውን ዋጋ የሚከፍሉት ግን ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሳይጠየቁ ይከፍላሉ።

በመጀመሪያ ለጉዞ የሚገባውን ክብር እንስጠው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ስለዚህ መሄድና ማየት ለሰው አእምሮ ትምህርት ነው። የአገራችን ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ጭነው ከጎጃም ከባሶ ገበያ እስከ ጎንደር፥ ከዚያም እስከ መተማና እስከ ምጽዋ ድረስ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይጓዙ ነበር። ጨውና ቡና፥ ጨርቅና ወሬ ከአገር ወደ አገር የተዳረሰው በእነርሱ እግር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበርር፥ የብዙ ቀን መንገድ የሰዓታት መንገድ ሆነ። ይህን ጸጋ የሚነቅፍ አስተዋይ ሰው የለም።

ነገር ግን በሲራራ ነጋዴውና በዛሬው መንገደኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሲራራው የሚጓዘው በበጋ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፥ መንገዱም ይጨቀያል፤ ስለዚህ ነጋዴው ወደደም ጠላም ከቤቱ ይከተታል። በነዚያ ወራት አጥሩን ያድሳል፥ ልጆቹን ያያል፥ ሒሳቡን ይመረምራል፥ ከጎረቤቱ ጋራ ቅያሜ ካለው ይታረቃል። አይሮፕላን ግን ክረምት የለውም። የአስፋልቱም መንገድ በሐምሌ እንደ ጥር ይሄዳል። ሰውን በግድ ወደ ቤቱ ይመልሰው የነበረው ጎርፍ ስለ ቀረ፥ መንገደኛው የጉዞውን ልክ ራሱ ካላበጀ ሌላ የሚያበጅለት የለም። የዘመናችን ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ዋጋውን የሚከፍሉት እነማን እንደ ሆኑ ተራ በተራ እንመልከት።

አንደኛው ከፋይ የመንገደኛው የገዛ ሰውነቱ ነው። የሰው አካል የራሱ ሰዓት አለው፤ ጨለማና ብርሃንን ተከትሎ ይተኛል፥ ይነቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ጓንጁ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን 5 ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። የእጅ ሰዓትን ማዞር የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ አካል ግን በቀን የሚያስተካክለው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ተልእኮ የተሰጠው ሰው፥ አካሉ እንግድነቱን ገና ሳይለምድ ይመለስና እንደ ገና መልመድ ይጀምራል። የዓለም የጤና ድርጅትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ባወጣው ጥናት፥ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ያህል እንደሚያደርገው ገልጿል። አደጋው ለጤነኛ ሰው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጉዞው በተደጋገመ ቍጥር አደጋውም ይደጋገማል። ይህም በአይሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስና በመኪና ለሚጓዘውም ጭምር ነው።

ከአካልም ይልቅ የሚጎዳው መንፈስ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የዓለም ባንክ ሠራተኞች ለሕክምና ያወጡትን ወጪ ለማስመለስ ያቀረቡት ጥያቄ ተመርምሮ ነበር። ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚመላለሱት ወንዶች ያቀረቡት ጥያቄ ከማይጓዙት ባልደረቦቻቸው በ80 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ የሴቶቹም በ18 በመቶ በለጠ። ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየውም የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ ያነሳቸው፥ መኝታ ያጡ ሰዎች አልነበሩም። በጥሩ ሆቴል አድረው በጥሩ ገበታ የተመገቡ ናቸው። ታዲያ ያሳመማቸው ምንድን ነው? ሻንጣቸውን ሲያሰናዱ ቤታቸውን እያሰቡ፥ ቤታቸው ሲገቡ ቀጣዩን ሻንጣ እያሰቡ መኖራቸው አንዱ ምክንያት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ከፋይ ቤተ ሰብ ነው። አባት በየሳምንቱ የሚሄድበት ቤት ቀስ በቀስ ያለ እርሱ መኖርን ይማራል። ይህ የቤተ ሰቡ ክፋት አይደለም፤ መኖር ግድ ስለ ሆነ ነው። የልጁን የትምህርት ቤት ስብሰባ እናቲቱ ለብቻዋ ትሄዳለች፤ የታመመውን ሌሊት ይዛ የምትሮጠው እርስዋ ናት፤ የቧንቧውን መሰበር የምታውቀው እርስዋ ናት። ከጥቂት ዓመት በኋላ አባትየው ሲመለስ ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹም በስጦታው ይደሰታሉ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሲኖራቸው ወደ እርሱ አይሄዱም፤ እርሱ ያለበትን አያውቁምና መጠየቅን ትተዋል። ቆይቶ በአንድ ነገር ሊቈጣ ወይም ሊመክር ሲነሣ፥ ቃሉ የእንግዳ ቃል ይሆንበታል። የሚከበር ግን የማይታዘዙት እንግዳ ማለት ይህ ነው። እናቲቱ መንገደኛ በሆነች ጊዜ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል፤ ከዱባይ ዕቃ የምታመላልስ ነጋዴ ሴት፥ ባህር ማዶ ሆና የቤቱን ወጥ በስልክ ስታዝዝ፥ የሠራተኛዋን ሒሳብ በስልክ ስትቈጣጠር ትውላለች፤ ሁለት ቦታ እየሠራች አንድም ቦታ አታርፍም።

ሦስተኛው ከፋይ ጎረቤት ነው። በአዲስ አበባ ሰው የሚኖረው በዕድር ነው። በዕድር ስብሰባና በቀብር ላይ ያልተገኘ አባል መቀጫ ይከፍላል፤ መንገደኛውም በደስታ ይከፍላል፥ ገንዘብ አላጣምና። ነገር ግን ዕድር የተሠራው ለመቀጫ ገንዘብ አይደለም፤ ድንኳን ለመትከል፥ አስከሬን ለመሸከም፥ ከኀዘንተኛ ጋራ መሬት ላይ ለመቀመጥ ነው። በሰው ኀዘን ላይ በገንዘብ ብቻ የተገኘ ሰው፥ በራሱ ኀዘን ቀን ሰዎች በገንዘብ ብቻ ቢገኙለት ሊያዝን አይገባውም።

ካዛንችስን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ስሙ የመጣው ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሠራላቸው ድርጅት ስም ነው፤ ከሩቅ መጥተው ለጥቂት ጊዜ ለሚቀመጡ ሹሞች የተሠራ ሰፈር ነበር ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ግን በዚያው ሰፈር ሥር ሰድደው ዕድርና ማኅበር መሠረቱበት፤ የመንገደኛውን ሰፈር የነዋሪ ሰፈር አደረጉት። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስና ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ፥ ጎረቤት ከጎረቤት የተሰነባበተው በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በስብሰባ ላይ የነበረ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ባዶ መሬት ነው። የጉባኤው ቃለ ጉባኤ በመዝገብ ይቀመጥለታል፤ ያልተሰናበታቸውን አሮጊት ጎረቤቱን ግን የት ብሎ ይፈልጋቸዋል?

አራተኛው ከፋይ ባለጉዳይ ነው፤ ስለ እርሱ የሚናገር ስለሌለ እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገር። ውሎ አበል ማለት ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ከቤቱ ርቆ ሲውልና ሲያድር ለምግቡና ለመኝታው የሚሰጠው ገንዘብ ነው። አሳቡ ቅን ነው፤ ሠራተኛው ከኪሱ እንዳይጎዳ የታሰበ ነው። ነገር ግን ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋራ መሄድ ባቃተው ጊዜ፥ አበሉ የወጪ መተኪያ መሆኑ ቀርቶ ገቢ ሆነ። ገቢም በሆነ ጊዜ ጉዞው ለሥራው መሆኑ ቀርቶ ሥራው ለጉዞው የሚፈጠር ሆነ። በአንድ ሕንጻ ውስጥ፥ በአንድ ኮሪደር ላይ የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ለመነጋገር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው አዳማ የሚሰበሰቡበት ምክንያት ይህ ነው። አዳራሽ በከተማው ጠፍቶ አይደለም፤ በከተማው የተደረገ ስብሰባ የመኝታ አበል ስለማያስገኝ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሩቅ ወረዳ የተነሣ አንድ ገበሬ፥ ወይም ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ቀይራ የመጣች አንዲት ሴት፥ ከቢሮው በር ላይ ቆመው «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ይባላሉ። እነርሱም መንገደኞች ናቸው፤ ግን የእነርሱን ውሎ የሚከፍል የለም። የአንዱ አበል የሌላው ኪሳራ የሆነው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ ድካም ብቻ አይደለም፤ ከግፍ ይቈጠራል። ግፍ መሆኑም የሚረሳው ግፍ የተፈጸመበት ሰው በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ስለማይታይ ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ «ፊት ለፊት ካልተያዩ የማይሆን ሥራ አለ» ይለን ይሆናል። እውነት ነው። ከካዛንችስ አጠገብ ባለው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት፥ መሪዎቹ በአካል ተገኝተው ባይከራከሩና ባይግባቡ ኖሮ በደብዳቤ ብቻ ያን ቻርተር ማጽደቅ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ነጋዴም የማያውቀውን ሻጭ ዐይቶ፥ ጨርቁን ዳስሶ መግዛቱ ብልኅነት ነው። ነገር ግን የኮሮና ወረርሽኝ መንገዱን ሁሉ በዘጋበት ጊዜ፥ ያው የመሪዎች ጉባኤ በጥር 2013 ዓ.ም. በቪዲዮ ተካሂዷል። ከዚህ የምንማረው ጉዞ ሁሉ ከንቱ ነው ማለትን አይደለም፤ የግድ ነው ይባል ከነበረው ብዙው የግድ እንዳልነበረ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ግን ያን ትምህርት ፈጥነን ዘነጋነው፤ የሚያስታውሰን የጎርፍ ክረምት የለምና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገ የሥራ ሰው ስትሆን ወይም ስትሆኚ ጉዞ ይመጣል። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ መሄድም የሚያስመሰግንበት ጊዜ አለ። ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ግን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይጠቅማል። አበሉ ባይኖር ኖሮ ይህን መንገድ እሄደው ነበር ወይ? እኔ በሌለሁበት በሬ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ማን ነው? ስመለስስ ያመለጠኝን ነገር በገንዘብ ወይም በስጦታ መመለስ እችላለሁን? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አልሄድም ነበር» የሆነ እንደ ሆነ፥ ጉዞው ለሥራው ያልተፈጠረ ነውና ይቅር። የቀሩትን ሁለቱን በቅንነት የመለሰ ሰው ደግሞ ከሚቀርቡለት ጉዞዎች ስንቱን እንደሚተው ራሱ ያውቀዋል።

አባቶቻችን «ዞሮ ዞሮ ከቤት፥ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ብለዋል። ይህ ተረት ሰውን ከመዞር አይከለክልም፤ መዞሩ መጨረሻ እንዳለው ግን ይነግረዋል። ስለዚህ ዞሮ የሚገባበት ቤት፥ ሲገባም የሚያውቁት ልጆችና የሚጠይቁት ጎረቤቶች እንዲኖሩት የሚፈልግ ሰው፥ ያን ቤት በየመካከሉ እየተገኘ ሊኖርበት ይገባዋል።