መጀመሪያ የትኛው ጥርስ?

«ዶክተር፣ ጠቅላላው ስንት ይመጣል?» ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ታካሚው አፉን ከመክፈቱ በፊት ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ የገንዘብ ነገር የእንግዳ መቀበያ ሥራ ነው ብለው ወደ ውጭ ይመልሱታል። እኔ የምቀበለው እንደ ምርመራው አካል ነው። ስኳርና ደም ግፊት እንዳለበት፣ የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ጠይቄ በዚህ ወር ስንት ማውጣት እንደሚችል ካልጠየቅሁት፣ የማወጣው ዕቅድ የእሱ አይሆንም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና ይሄዳል፤ የሚመለሰው ፊቱ ሲያብጥ ነው።

አገራችን ውስጥ ጥርስ በአብዛኛው የሚታከመው ከኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ለብዙ ገበሬ ቤተሰብ እፎይታ ሆኗል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስን ግን ከመነሻው ከውበት ሕክምና ጋር ደምሮ ከሽፋኑ አውጥቶታል። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ለዓመታት ሳይተገበር ቆየ። የሠራተኞቻቸውን ሕክምና የሚሸፍኑ መሥሪያ ቤቶችም ጥርስ ላይ ሲደርሱ ጣሪያ ያበጁለታል፣ ወይም ጭራሹን ይተውታል። ስለዚህ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከቤት ኪራይና ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀንሶ ያመጣውን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ይህን ሳላውቅ እጄን ላነሣ አልችልም።

በሙያው ውስጥ የያዝኩት አንድ እምነት አለ፤ ለወጣት ሐኪሞችም ደጋግሜ የምነግራቸው እሱን ነው። ገንዘብ ሲያንስ መቀነስ ያለበት የሥራው ዝርዝር እንጂ የሥራው ጥራት አይደለም። አምስት ጥርስ በርካሽ ዕቃና በጥድፊያ ከመሙላት ሁለቱን በሚገባ ሞልቶ ሦስቱ የትኛው ወር ድረስ መቆየት እንደሚችሉ መናገር ይሻላል። ከባዱ ነገር የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ መምረጡ ነው። መሙላትና መንቀል ማንም ተምሮ ይችላል፤ ቅደም ተከተል ማውጣት ግን አፉንም፣ ኪሱንም፣ ሰውየውንም አንድ ላይ ማየት ይጠይቃል።

ቀድሞ የሚመጣው ኢንፌክሽን ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ከታች መንጋጋ ጥርስ የተነሣ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል። ከአገጭ በታች ያለው ሥጋ ጠጥሮ፣ ትኩሳት መጥቶ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሰው የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለበት። እንዲህ ባለ ነገር ሰው ይሞታል።

ብዙው ገንዘብ የሚባክነው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው። ጥርሱ ሌሊት ሲጠዘጥዘው ጠዋት አሞክሳሲሊን ይገዛል። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀነሰ፤ መድኃኒቱ ሠራ ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። ከደነደነ ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶ የተቆጣው ነርቭ ሞቶ ነው ዝም ያለው። ደም ወደማይደርስበት የሞተ ነርቭ መድኃኒትም አይደርስም። ከወራት በኋላ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይቋጥራል፣ ሰውየው እንደገና ያንኑ መድኃኒት ይገዛል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሌላ የጤና ችግር ለሌለበት ሰው የጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ በአብዛኛው እንዳይታዘዝ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሕመሙ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል፣ ለሚስማማው ሰው፣ የተሻለ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም ቀላል ነው። በየጊዜው ለመድኃኒት የወጣው ሲደመር አንድ ጥርስ በጊዜው ያስሞላ እንደነበር ለታካሚው ስነግረው ይሠቅቀዋል። ቢሆንም እነግረዋለሁ፤ ሌላ ጥርስ ሊኖረው ይችላልና።

ከሁሉ በላይ የማስብበት ውሳኔ የመንጋጋ ጥርስ ሥር ሕክምና ነው፤ ታካሚዎቼ «ነርቭ ማስገደል» የሚሉት። የሚኒባስ ሾፌሮች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ሐሳብ አለ። «ነርቩን ግደልልኝ፤ ክራውኑን (የጥርሱን ሽፋን) ቀስ ብዬ አሠራዋለሁ።» ከልቡ ነው የሚለው። ሕመሙ ሲጠፋ ግን ነገሩ ይረሳል፣ ወይም ገንዘቡ ጎማ ይገዛበታል። ያ ጥርስ ደግሞ በመበስበሱም፣ ሥሩን ለማግኘት በመከፈቱም ብዙ አካሉን ያጣ ነው። ግድግዳዎቹ ብቻቸውን ቆመው የማኘክን ጫና ይሸከማሉ። አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጥም እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ቀሪው ነገር መንቀል ብቻ ነው። የሥር ሕክምናው ገንዘብ አብሮ ተነቀለ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት የቀሩትን ግድግዳዎች አያለሁ። ከድድ በላይ በቂ አካል አለው? ከላይ ወይም ከታች የሚገጥመው ጥርስ አለው? የመጨረሻው የጥበብ ጥርስ ከሆነ ለምን ገንዘቡን እናወጣበታለን? እነዚህን ከመለስሁ በኋላ እንዲህ እላለሁ፦ «ወንድሜ፣ ክራውኑን የማታሠራው ከሆነ ሁለት መንገድ አለን። ጥርሱ ከፈቀደ የማኘኪያ ጉብታዎቹን ዝቅ አድርጌ በጠንካራ ሙሌት ከላይ እሸፍንልሃለሁ፤ እንደ ክራውን አይሆንም፣ ግን ከመሰንጠቅ ያቆየዋል። ካልፈቀደ ዛሬ በንጽሕና ልንቀልልህና ገንዘብህን ለሌሎቹ አድርግ።» መንቀል ሽንፈት የሚመስላቸው ወጣት ሐኪሞች አሉ። በማይዘልቅ ጥርስ ላይ የድሃን ገንዘብ ማፍሰስ የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

የፊት ጥርስ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥር፣ አንድ ቦይ ነው ያለው፤ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ክራውን ሳያስፈልገው በተራ ሙሌት ለረጅም ዓመት ይቆማል። አቅሙ ለአንድ ሥር ሕክምና ብቻ የሚበቃ ሰው ከፊትና ከኋላ ሁለት የታመመ ጥርስ ይዞ ሲመጣ፣ የፊቱን አድነን የኋላውን እንነቅላለን። ሰው በዚያ ጥርስ ነው ሥራ የሚጠይቀው፣ በዚያ ነው የሚስቀው።

ሥር ሕክምናውን ከጀመርኩ ግን በዋጋ ምክንያት የማልተዋቸው ነገሮች አሉ። ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱን ለይቶ የሚይዘው ላስቲክ፣ የቦዩን ርዝመት ለማረጋገጥ የሚነሣው ኤክስሬይ፣ ቦዩን በተመጠነ የበረኪና ውሕድ ጊዜ ሰጥቶ ማጠብ፣ በአውቶክሌቭ ከጀርም የጸዳ ዕቃ። እነዚህን ዘሎ ዋጋ የሚቀንስ ሐኪም ታካሚውን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል።

ክፍተት ሌላው ጭንቀት ነው። አንድ መንጋጋ ያስነቀለ ሰው ቦታው ካልተሞላ አፉ የሚፈርስ ይመስለዋል። ጎን ያለው ጥርስ ሊዘም፣ ፊት ለፊቱ ያለውም ሊረዝም መቻሉ እውነት ነው። ይሁንና በኔዘርላንድ የናይሜኸን ዩኒቨርሲቲው አርንድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ሰው ሁሉም መንጋጋ ሳይኖረው በሚገባ አኝኮ መኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜ ልክ ቢያንስ 20 ጥርስ ይዞ መቆየትን በቂ ግብ አድርጎ ወስዶታል። ከፊትና ከጎን ተገጣጥመው የሚሠሩ ጥርሶች ያሉትን ሰው ለመጨረሻው መንጋጋ ክፍተት ተበደርበት አልለውም።

የታካሚዎቼ የገንዘብ ቀን መቁጠሪያ ዕቁብ ነው። አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጥተው «የኔ ልጅ፣ ዕቁቤ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚወጣልኝ፤ እስከዚያ ያቆይልኛል?» ሲሉኝ ጥያቄያቸው ሙያዊ መልስ ይፈልጋል። ቦዩን ከፍቼ መድኃኒት አድርጌ በጊዜያዊ ሙሌት ብዘጋው ያ ሙሌት ለሳምንታት እንጂ ለወራት የተሠራ አይደለም፤ በሰበብ አስባቡ ምራቅ ያስገባል፣ ጥርሱም ይባስ ይበከላል። ነርቩ ገና ሕያው ከሆነ ብስባሹን አንሥቼ በግላስ አዮኖመር በደንብ እዘጋዋለሁ። ይህ ዕቃ ከጥርሱ ጋር ራሱ ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ይለቃል፣ ለወራት ያቆያል። «እማማ፣ ይቆያል፤ በሌሊት ብቻውን ማመም ከጀመረ ግን ፋሲካን አይጠብቁ» እላቸዋለሁ። ምን ሲሆን መምጣት እንዳለባቸው፣ ቀጥሎ የሚሠራው ምን እንደሆነና ዋጋውን በአማርኛ ጽፌ እሰጣለሁ። ዕቅዱን ቤት ወስዶ ከልጆቹ ጋር የተነጋገረበት ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ርካሽ ሆነው የተናቁ ሕክምናዎች ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ፣ መብራትም ሞተርም በሌለበት፣ ብስባሹን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ የመሙላት ዘዴ ተጀመረ፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው ጠብታ ደግሞ ያለ መሰርሰሪያ መበስበስን ሊያቆም ይችላል፤ ለማይቀመጥ ሕፃን ትልቅ ነገር ነው። የበሰበሰውን ቦታ ያጠቁራል፣ ስለዚህ እናትየዋን አስቀድሜ አሳይቼ አስፈቅዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስ አዮኖመርንና ይህን ጠብታ ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ቢሆንም የሚያብረቀርቅ ማሽን ያለበት ክሊኒክ ካልሆነ ሕክምና የማይመስለው ብዙ ነው። የተማሪ ማሠልጠኛ ክሊኒኮችም እንዲሁ ይፈራሉ። ጎንደርና ጅማ ያሉት የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በመምህር ዓይን ሥር ይሠራሉ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ እያንዳንዱ ደረጃ ይታያል። ጊዜ ያለውን ሰው ወደዚያ መላክ አላፍርበትም።

ክረምት ሲመጣ ከዋሽንግተንና አካባቢዋ ወገኖቻችን ይመጣሉ። ብዙዎቹ እዚያ የጥርስ መድህን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአረጋውያን መድህን፣ ሜዲኬር፣ መደበኛ የጥርስ ሕክምናን አይሸፍንም፤ ለወላጆቻቸው እንኳ አይሆናቸውም። ከቤሩትና ከሪያድ የሚመለሱ እህቶችም ለዓመታት አፍነው የያዙትን ሕመም ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም የሚጠይቁት በሁለት ሳምንት እንዲያልቅላቸው ነው። ተተካይ ጥርስ በአጥንት ውስጥ ሲተከል አጥንቱ እስኪይዘው አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይፈልጋል፤ አውሮፕላኑ ስለሚነሣ አጥንቱ አይቸኩልም። ለእነሱም ዕቅዱን በጉዞ እከፍለዋለሁ፦ በዚህ ጉዞ ኢንፌክሽኑንና ሙሌቱን፣ ቀሪውን በሚቀጥለው። ደኅና የፊት ጥርስ አስሞርደው በነጭ ሽፋን ማስለበስ የሚፈልጉትን ደግሞ እንዳያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም፤ ሽፋኑም ዕድሜ አለው፣ በየዓመታቱ ይቀየራል፣ ያኔ የሚከፍሉት በባዕድ አገር ዋጋ ይሆናል።

ከሁሉ ርካሹ ሥራ በስድስት ዓመት አካባቢ የሚወጣው መንጋጋ ላይ የሚሠራው ነው። ይህ ጥርስ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ ብቅ ስለሚል፣ ቦታ ለመልቀቅ የሚወልቅ ጥርስም ስለሌለው፣ ወላጅ ሳያየው ይወጣል፤ ሲበሰብስም «ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል» ይባላል። አይተካም። ይህን ጥርስ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያጣ ልጅ አይቶ ማዘን የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። በማኘኪያ ገጹ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይበሰብስ በግላስ አዮኖመር ቢታሸግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው ሳሙና፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ ታህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። በስምጥ ሸለቆ ውኃው ራሱ ፍሎራይድ በበዛበት አካባቢ ለሚያድጉ ሕፃናት ግን ሐኪም ይጠየቅ፤ እንዳይውጡትም ይጠበቁ።

ወላጅ ለራሱ ሲመጣ ልጆቹን በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲያመጣ እጠይቃለሁ፤ ለማየት አላስከፍልም። ማምጣት ካልቻለ ቤቱ የሚያደርገውን አሳየዋለሁ። ልጁን በብርሃን ፊት አስቀምጦ፣ አፉን አስከፍቶ፣ ከፊት ከመሃል ጀምሮ ወደ ኋላ ይቁጠር። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ በስልኩ መብራት ስንጥቁን ይይ፤ በአራቱም ማዕዘን እንዲሁ። ቡናማ ወይም ጥቁር ነገር፣ ወይም ጉድጓድ ካየ፣ ልጁ ባያመውም በዚያው ሳምንት ያምጣው። ያኔ የሚከፍለው ለሙሌት ነው።