ሥዕሉ ያለ መስተዋቱ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ዕድሜው አሥራ አራት ነው። አንድ ማታ ላፕቶፔን ከሳሎኑ ፍላት ስክሪን ጋር አገናኘሁና «ክሮኖ ትሪገር» የሚባለውን የጃፓኖች ጌም ከፈትኩለት። «ይህ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ ልብ ብለህ እይ» አልኩት። ጌሙ የሚጀምረው እናት የልጇን መኝታ ክፍል መጋረጃ ገልጣ ስትቀሰቅሰው ነው። ልጁ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ሲንቀሳቀሱ ፊታቸው ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው? ያኔ ቆንጆ ነው ስትሉ የነበረው ይኸን ነው እንዴ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። የልጅ ነገር ነው ብዬ እንዳላልፈው እኔንም አላማረኝም። ይባስ ብሎ፣ ከዓመታት በፊት ስለ እንዲህ ዓይነት ጌሞች ስጽፍ «ፒክስሉ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ እንደ ጥለት ጥርት ያለ» ብዬ ያሞገስኩት ትዝ አለኝ። ያ ሙገሳ ስሕተት እንደነበረ ለመናገር ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት።

መጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ክሮኖ ትሪገር» በ1995 ስኩዌር የተባለው ድርጅት ለሱፐር ኒንቴንዶ ያወጣው ነው። የባለታሪኮቹን መልክ የነደፈው በ2024 ያረፈው አኪራ ቶሪያማ ነበር። መሣሪያው የሚያወጣው ሥዕል በወርድ 256፣ በቁመት 224 ነጥብ ብቻ ነው። የአንድ ሰው ፊት ከጥቂት ነጥቦች የበለጠ ቦታ አያገኝም። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ኀዘንን፣ ድንጋጤን፣ ኩራትን ማሳየት ግድ ነበር። ታዲያ እነዚያ ሠዓሊዎች የጎደለውን ከየት አመጡት?

መልሱ ከኋላው ጉብ ባለው በድሮው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ከኋላ ተነሥቶ፣ መስተዋቱ በውስጥ በኩል የተቀባውን ፎስፈር እየመታ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር በመስመር ይሥላል። ጨረሩ የሚያሳርፈው ነጥብ አራት ማዕዘን አይደለም፤ ጠርዙ እየደበዘዘ የሚሄድ ክብ ቢጤ ነው። ብርሃኑ ሲበረታ ነጥቡ ይፋፋል፤ ሲደበዝዝ ይቀጥናል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀለሞች ዳራቸው ላይ ይዋሐዱና ማንም ያልቀባው ሦስተኛ ቀለም ይወለዳል። አራት ማዕዘኗ ፒክስል እንግዲህ በማሽኑ ልብ ውስጥ ያለች ትእዛዝ እንጂ ተመልካቹ ዓይን ላይ የምትደርስ ነገር አልነበረችም።

ምሳሌ ልስጥ። የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ሊያወጣ የሚችለው ቀለም በጠቅላላው 512 ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ስድሳ ገደማ ነው። በ1991 በወጣው «ሶኒክ» የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ፏፏቴ አለ። በዛሬው ስክሪን ቀርባችሁ ብታዩት ውኃ አይደለም፤ እንደ አጥር የተደረደሩ ቋሚ ሰንበሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ነገር ግን ያው ሥዕል በቢጫዋ ጃክ በኩል ወደ ቴሌቪዥን ሲገባ ገመዱ ጎረቤታሞቹን ሰንበሮች ያደባልቃቸዋል፤ አጥሩ ይጠፋና ከኋላው ያለው ገደል በስሱ የሚታይበት ውኃ ይፈስሳል። ማሽኑ እንዲህ ያለውን ስስነት ሊሠራ አይችልም ነበር፤ የሠራው የገመዱ ድክመት ነው። በ1997 በፕሌይስቴሽን በወጣው የካስልቬኒያ ጌም ውስጥም የድራኩላ ፊት ከንግግሩ ጋር ብቅ ሲል፣ ዓይኑ ላይ ያረፈችው ቀይ ነጥብ በፍላት ስክሪን ላይ የተለጠፈች ካሬ ትመስላለች። በድሮው መስተዋት ላይ ግን ትግላለች፤ ብርሃኗ ወደ ሽፋሽፍቱ ይሰርጋል። አንዲት ነጥብ ናት ይህን ሁሉ የምትሠራው።

አሁን የልጁን ጥያቄ ልመልስ፦ ፊቱ ለምን ይንቀጠቀጣል? ነገሩ የሒሳብ ነው። የእኛ ቤት ስክሪን ቁመቱ 1080 መስመር ነው። 1080 ለ224 ሲካፈል 4.82 ይመጣል። ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ አንዱ የሥዕል መስመር አምስት፣ ሌላው አራት የስክሪን መስመር ይደርሰዋል። ሰውየው አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አፍንጫው ሲወፍር አገጩ ይሳሳል። በአራት ብናባዛው 896 ይሆንና ከላይና ከታች 92 የሚሆን ጥቁር ይቀራል፤ በአምስት ብናባዛው 1120 ይሆንና ከላይም ከታችም ሃያ ሃያ መስመር ይቆረጣል። እኔ መቆረጡን እመርጣለሁ፤ የድሮው ቴሌቪዥንም ጠርዙን ይበላ ነበርና።

በወርድም ችግር አለ። 256 በ224 የሆነው ሥዕል የሚታየው 4 ለ 3 በሆነ ቴሌቪዥን ላይ ስለነበር እያንዳንዷ ነጥብ ወደ ጎን ትለጠጥ ነበር። «ንጹሕ ፒክስል» እያሉ ነጥቧን እኩል ካሬ የሚያደርጉ ሰዎች ሰውን ሁሉ ቀጭንና ረጅም አድርገውታል።

ወደ ዋናው ክሴ ልምጣ። ስኩዌር ኤኒክስ «ክሮኖ ትሪገር»ን በየካቲት 2018 ለኮምፒዩተር ሲያቀርብ መሠረት ያደረገው ቀደም ሲል ለሞባይል ስልክ ያሰናዳውን ነበር። የነጥቦቹን ጠርዝ የሚያለሰልስ ማጣሪያ ደረበበት፤ ሣሩ፣ ግድግዳው፣ የሰዎቹ ጸጉር ቅቤ እንደተቀባ ሆነ። ተጫዋቾች አምርረው ተቃወሙ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት በተከታታይ እርማት አውጥቶ የቀድሞውን ሥዕል መምረጥ የሚቻልበትን መንገድ ጨመረ። ሁሉም ድል አድርገናል አለ። እኔም ብዬ ነበር። ዳሩ ግን ምን መለሱልን? ካሬውን ነው የመለሱልን። መጀመሪያ ረቂቁን አበላሽተው አሳተሙት፤ ቀጥሎ ረቂቁን ራሱን አሳተሙልን። መስተዋቱ ላይ የተጠናቀቀውን ሥዕል ግን ማንም አልሰጠንም። ስሕተቱ ግልጽ የሆነውን ማጣሪያ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ካሬውን «እውነተኛው ይህ ነው» ብሎ ማመን ግን አደገኛ ነው፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ዓይኑ ጎድሎ ነበር ወደሚል መደምደሚያ ይወስዳልና። የእህቴ ልጅ ያደረሰኝም እዚያ ነው።

ኒንቴንዶ በ2016 ባወጣት ትንሿ የድሮ መሣሪያው ላይ ሦስት ዓይነት አቀራረብ አኑሮ ነበር፤ አንደኛው የድሮ ቴሌቪዥን የሚያስመስል ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ማስመሰያ ሥዕሉ ላይ እኩል ውፍረት ያላቸው ጥቁር መስመሮች አስምሮ ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል። መስኮት ላይ መጋረጃ መስቀል ነው። በእውነተኛው ቱቦ ነጭ ደመና ባለበት መስመሮቹ ይዋጣሉ፤ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ይገለጣሉ። መስመሩ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ይተነፍሳል። ይህን የሚከተሉ ማስመሰያዎች በነፃ እንደሚታደለው እንደ ሬትሮአርች ባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚሠሩት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው ወዳጆች ናቸው። በ2160 መስመር ስክሪን ላይ ለእያንዳንዷ የድሮ መስመር ዘጠኝ መስመር ስለሚደርሳት የፎስፈሩን ቅንጣት እንኳ ለመሣል ቦታ አለ። የስክሪኑ ብርሃን ግን ብርቱ መሆን አለበት፤ መስመሮቹ ብርሃን ይበላሉ።

መቼም «የትኛው ቴሌቪዥን?» የሚል አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ማሪዮን ያየሁት በአንቴና ገመድ በኩል ነበር፤ ግማሹ በረዶ ነው። ያንን በረዶ ጥበብ ነው ብዬ አልከራከርም። አውሮፓም ሆነ እኛ በተጠቀምንበት በፓል ሥርዓት ሥዕሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይታደስ ነበር፤ በጃፓንና በአሜሪካ 60 ጊዜ ነበር። ስለዚህ ፈጣኑ «ሶኒክ» አውሮፓ ሲደርስ በአንድ ስድስተኛ ያህል ዘገምተኛ ሆኖ ነበር። አንድ ብቸኛ ትክክለኛ መልክ የለም ማለት ነው። ያም ሆኖ ጥሩና መጥፎ መስተዋት አለ፤ መስተዋት አልባ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ካሬ የሆነውን ሁሉ ግን አልኮንንም። በ2018 የወጣው «ሴሌስት» የተሠራው በ320 በ180 ነጥብ ነው፤ በስድስት ሲባዛ 1920 በ1080 ይሞላል፤ ትርፍ የለም፣ ጉድለት የለም። ሠሪዎቹ ካሬዋ እንደምትታይ አውቀው ነው የሣሏት። እዚያ ላይ የድሮ መስተዋት መደረብ ያልተጠየቀ ምርቃት ይሆናል። የኔ ጠብ ከካሬዋ ጋር ሳይሆን ዕድሜዋን ከምትዋሸዋ ካሬ ጋር ነው።

ልጁ ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ እንደገና ሞከርኩ። በአምስት አባዛሁት፣ ወርዱን 4 ለ 3 አደረግሁት፣ ከሻለው ማስመሰያ አንዱን መርጬ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብኩ። እናትየዋ መጋረጃውን ገለጠች። ልጁ አሁንም ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ መስመሮቹን ትንሽ ቀንሳቸው፤ ጨለመ» አለኝ። አይቀነሱም አልኩት። ተከራከርን። በመጨረሻ ሪሞቱን ወስዶ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍ አደረገውና፣ ሻንጣውን ሳያዘጋጅ እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወተ።