ራፋስቂስ ምን ሸጠ?



ለዚህ ዓርብ የደረሰን ንባብ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ምዕራፍ የምናነበው ስለ ሕዝቅያስ እምነት ብለን ነው። እሱን ለሰብሳቢያችን ትቼ፣ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ የሚጮኸውን ሰውዬ ይዣለሁ። ራፋስቂስን እንደ ነጋዴ አድርጋችሁ አንብቡት። ንግግሩ ምን ያህል ታስቦበት እንደተሠራ ያኔ ይገባችኋል።

የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከለኪሶ ሲልከው ከኋላው ብዙ ጦር ነበረ። ግን ከጦሩ በፊት አፉን አዘመተ። እነ ኤልያቄም ሕዝቡ እንዳይሰማ በሶርያ ቋንቋ ተናገር ብለው ለመኑት፣ እምቢ አለ። እሱ የመጣው ለሹማምንቱ አይደለማ! ቅጥሩ ላይ ለተቀመጡት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ በገዛ ቋንቋቸው ጮኸ። ገንዘብ መላኪያው ማስታወቂያውን በአማርኛ ሲልክልን ደስ ይለን የለ? ሥራው እሱ ነው። ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲጠሩት ሳያስብ ዞር ይላል።

የተፎካካሪውንም ዕቃ አጣጣለ። ግብፅን እንደ ተሰበረ ሸምበቆ ቆጠራት፤ የሚደገፍባትን እጁን ትወጋዋለች አለ። እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ምክንያቱም ውሸት አልተናገረም። በግብፅ አትታመኑ ብሎ ኢሳይያስም ተናግሯል። ጎበዝ ቀስቃሽ በውሸት አይጀምርም፣ ራሳችን የምናውቀውን እውነት አስቀድሞ ይነግረንና ካመንነው በኋላ የራሱን ይቀጥላል። ራፋስቂስም ወዲያው እግዚአብሔር ራሱ ልኮኛል አለ።

ከዚያ ወይንና በለስ፣ የገዛ ጉድጓድ ውኃ፣ እህል፣ ዘይት፣ ማር ቆጠረላቸው። ለተራበ ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር! ግን በመሐል አንዲት ቃል አለች፤ መጥቼ ወደ ሌላ አገር እስካፈልሳችሁ ድረስ የምትል። ምርኮ ማለት ነው እኮ። እሷንም ቢሆን አገራችሁን የመሰለች አገር ብሎ አሳምሯታል። ውል ላይ በትንሹ የሚጻፈው ነገር እዚህ አለ። ማሩን የሰማ ጆሮ መፍለሱን አይሰማም።

በትምህርት ቤት ፕሮፓጋንዳ የሚለውን ቃል በታሪክ ክፍለ ጊዜ ከሂትለር ጋር አውቀነው ነበር። የሳሙና ማስታወቂያን ግን ከእሱ ጋር አያይዞ ያስተማረን የለም። ሠሪዎቹ እንኳ አልደበቁትም። አሜሪካ በፈረንጆች 1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የሕዝብ ቅስቀሳውን የመራው ጆርጅ ክሪል የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1920 ስለ ሥራው መጽሐፍ ጻፈ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አሜሪካን እንዴት እንዳስተዋወቅናት» ነው። ከእሱ መሥሪያ ቤት የወጣው ኤድዋርድ በርኔስ ደግሞ በጦርነቱ የተማረውን ይዞ ወደ ንግድ ሄደ። በ1929 ሴቶች በኒው ዮርክ አደባባይ ሲጋራ እያጨሱ እንዲሄዱ አደረገና ሲጋራውን የነፃነት ችቦ አስባለው። ሲጋራ ሊሸጥ ሲፈልግ ነፃነትን ተበደረ።

ይህ መበደር የሚባለው ነገር የእኛም አገር ነው። ቢራ ጠርሙስ ላይ ፈረስ የተቀመጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ሲወጋ ስንት ጊዜ አይተናል? ሌላው ቢራ የብሔራዊ ቡድናችንን ቅጽል ስም ዋልያን ይዞ መጣ። ቢራው የአገርን ፍቅር ይበደራል፤ የጦር ቅስቀሳውም ያንኑ ፍቅር ይበደራል። የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ። ጥሩ ነው። የሌላኛው ብድር ግን አዋጅ የለውም።

ለእኛ ለሴቶች ከሁሉ የሚያመው ምሳሌ ፋቼታ ኔራ ነው። ጣሊያኖች በፈረንጆች 1935፣ ሊወሩን ሲዘጋጁ፣ ስለ አንዲት ጥቁር ሐበሻ ልጅ የዘፈኑት ዘፈን ነው። ባሪያ ናት፣ ወታደሩ መጥቶ ነፃ ያወጣታል፣ ሌላ ሕግና ሌላ ንጉሥ ይሰጣታል። እንደ ማስታወቂያ ካየነው በደንብ የተሠራ ነው፤ ዜማው ቀላል ነው፣ ወጣቱም ለመዝመት ሳይሆን ቆንጆ ልጅ ለማዳን የሚሄድ መሰለው። ግን ልጅቷ በዘፈኑ ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም። የተሸጠችው እሷ ናት፣ ገዢው ደግሞ ወታደሩ። ዕቃው ሲደርስስ? በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ጣሊያን ዜጎቹ ከአፍሪካውያን ተገዢዎች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚከለክል፣ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። ያቺው የተዘፈነላት ልጅ ማለት ነው።

ደርግ በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲል ያቀረበው ከዚህ ይለያል። «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚለው መፈክር ዋጋውን ፊት ለፊት ይናገራል፤ ማርም ወይንም የለውም። በእኔ ዓይን ግን ጉልበቱ ሞት የሚለው ቃል ላይ አይደለም፣ እናት የሚለው ላይ ነው። እናቱ ስትጠራው ማን ቆይ ይላል? የሶማሊያ ጦር በእርግጥ ገብቶ ነበር፤ እንደ ሸምበቆው፣ እውነት ነበረበት። ያቺው እናት ግን በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ልጆቿን በልጆቿ ላይ ስትጠራ ጥሪው አልተቀየረም።

ስም ማውጣትም የሻጭ ሥራ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከዚህ ድንበር ማዶ የተጀመረው ዘመቻ መጀመሪያ የቁርጠኝነት ማዕበል ተባለ፤ ወር ሳይሞላው ተስፋን መመለስ ሆነ። (የእኛ የሀሩብ ስም ደግሞ በዐረብኛ ሲነበብ መሸሽ ነው፤ ይኼንንስ ማን እንዳወጣው እንጃ።) በአገራችን ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ሕግ የማስከበር ዘመቻ ተብሎ ነበር። ሕግ ይከበር ሲባል አይሆንም የሚል ማን አለ? እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ እስከ ጥቅምት 2015 ድረስ ሁለት ዓመት ሄደ። በዚያ መሐል ሰው ሰው መባሉ ቀርቶ ጁንታ፣ ነቀርሳ፣ አረም ተባለ፤ በዚያኛው ወገንም የራሱ ስድብና የራሱ ዘፈን ነበረ። አረም ይነቀላል እንጂ አይለቀስለትም። በዚህ ክበብ ከሁለቱም ወገን የተጎዳ ስላለ፣ ስንወያይ የማን ቃል ይከፋ ነበር እያልን እንዳንመዝን እለምናለሁ። ቃሉ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስላለፈው ብቻ አይደለም። ታናናሾቻችን ስልክ ላይ አሁን የሚደርሳቸው የደላላ ቲክቶክ አለ። ዘማች በሚጠራበት ሽለላ ተጓዥ ይጠራል። ወንድ ከሆንክ ና፣ እህትህ ቤት ሠራች፣ መንገዱ ክፍት ነው። ሪያልና መኪና ይታያል። ጀልባው አይታይም፣ የመን አይታይም፣ ጦርነት ያለበት ድንበር አይታይም። ከራፋስቂስ የሚብሰው፣ እሱ ቢያንስ መፍለሱን በአንዲት ቃል ተናግሯል።

«ተዉ፣ ውሸት ነው» ብሎ መላክ እንደማይሠራ ሁላችንም አይተናል፤ እናንተ ሄዳችሁ እኛን ትከለክሉናላችሁ ይሉናል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓርብ እያንዳንዳችሁ ከአገር ቤት የተላከላችሁን አንድ ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተን እናየዋለን፣ ከዚያ ስክሪኑን ገልብጠን ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ማን እንደተናገረ፣ ማን ዝም እንደተባለ፣ የትኛው እውነት መጀመሪያ እንደገባ እንጽፋለን። የጻፍነውን ከቪዲዮው ጋር አብረን ለታናናሾቻችን እንልካለን፣ እነሱም እንዲሞክሩት።