ከዳሌ የሚነሳ ቡጢ

ሰለሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ ሲሰለፍ ሕዝብ ያየው ፍልሚያውን ነበር። የቴኳንዶ ውበት ግን ኦሎምፒክ በማያወዳድረው በቱል፣ ከምናባዊ ተቃዋሚ ጋር በሚሠራው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል፣ ይበልጥ ይታያል።

የዓለም አቀፉ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይ ቲ ኤፍ) ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያው ቱል ቾን-ጂ 19 እንቅስቃሴ ብቻ አለው፤ መከላከል፣ ወደፊት መራመድ፣ ቡጢ። ቀላል ይመስላል። ጀማሪ በክንዱ ብቻ ይመታል፤ ትከሻው ይወጠራል፣ ትንፋሹም ይታፈናል። የአይ ቲ ኤፍ መሥራች ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ያስተማሩት ሌላ ነው፦ ዳሌና ሆድ ከእጅና ከእግር በጥቂቱ ቀድመው ይነሳሉ፤ ትልቁ ጡንቻ ትንሹን ይነዳል። ጉልበት በልስላሴ ይታጠፋል፣ ሰውነት ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል፤ ቡጢው ዒላማው ላይ በሚደርስበት ቅጽበት ትንፋሽ አጭርና ስለታም ሆኖ ይወጣል፣ ሆድም ይጠብቃል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ነቀምቴ፣ በባኬ ጃማ ሰፈር፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ ትንፋሹን አፍኖ የሚሠራ ልጅ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ቾን-ጂን በዝግታ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ከአንድ ትንፋሽ ጋር አጣምሮ መደጋገም የሚደነቅ ልምምድ ነው። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ደልዳላ ሜዳና ስሕተትን አይቶ የሚያርም አሠልጣኝ ይበቃሉ።