በተቀናቃኝ ፓርቲ አገር ደጅ መጥናት

አንድ ፓርቲ በምርጫ ጊዜ ገንዘቡንና ጉልበቱን የት ማዋል ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «ድል በሚቀርብበት ወረዳ» የሚል ነው። ተቀናቃኙ ሥር በሰደደበት ወረዳ መድከም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው ይባላል። እኛ ይህን አስተያየት የምንቀበለው በከፊል ብቻ ነው። ምክንያታችንን ከአሜሪካ የምርጫ ታሪክ በወሰድናቸው ምሳሌዎች እናስረዳለን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቬርሞንት አገረ ገዥ የነበሩት ሐዋርድ ዲን ከ2005 እስከ 2009 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው ሲሠሩ፣ በሃምሳውም ግዛቶች ደመወዝ የሚከፈላቸው የፓርቲ ሠራተኞች እንዲቀመጡ አደረጉ። በ2006 የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን ዘመቻ የመሩት ራም ኢማኑኤል ግን ገንዘቡ ማሸነፍ በሚቻልባቸው ወረዳዎች ላይ እንዲውል ተከራከሩ። ኢማኑኤል በሒሳቡ አልተሳሳቱም፤ ከአንድ ወረዳ አንድ እንደራሴ ብቻ በሚመረጥበት ሥርዓት፣ የተሸናፊው ድምፅ ከመቶ ሠላሳ ወደ አርባ ቢያድግ ወንበር አያስገኝም።

ይህ ሒሳብ ግን ግዛቱ በሙሉ እንደ አንድ ወረዳ ሆኖ ሲመርጥ አይሠራም። በቴክሳስ፣ ከ1994 ወዲህ ለመላው ግዛት በተደረገ ምርጫ ያሸነፈ ዴሞክራት የለም። በ2018 ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የተወዳደሩት ቤቶ ኦሩርክ ካውንቲ የሚባሉትን 254 አውራጃዎች አንድም ሳያስቀሩ ዞሩ። ቴድ ክሩዝ በ2012 ከመቶ 16 ያህል በልጠው ያገኙትን ወንበር በ2018 ያስጠበቁት ከመቶ 3 በማይሞላ ልዩነት ነው። በእንዲህ ያለ ምርጫ የገጠር ድምፅ ከከተማ ድምፅ እኩል ስለሚቆጠር፣ በሰፊው ከመሸነፍ በጥቂቱ መሸነፍም ትርፍ ነው።

ይሁን እንጂ ውጤቱን ሁሉ ለጉዞው መስጠት ስሕተት ይሆናል። ልዩነቱን በይበልጥ ያጠበበው በትልልቅ ከተሞችና በዙሪያቸው የተገኘው ድምፅ ነው፤ ገጠሩ በአብዛኛው በክሩዝ እጅ ቀርቷል። እንግዳ ሆኖ መጥቶ፣ ተናግሮ የሚሄድ ሰው የብዙ ዓመት ልማድ በአንድ ቀን አይለውጥም። በዚህ በኩል የዲን ሐሳብ ይሻላል፤ ሠራተኛው እዚያው ይኖራልና። ያም ቢሆን ከ2008 ምርጫ በኋላ ፕሮግራሙ ተቋረጠ። ኢንዲያና ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2008 ዴሞክራቱን ባራክ ኦባማን መርጣ፣ በ2012 ወደ ሪፐብሊካኖች ተመለሰች። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስም አንዱ ነበር። ዘርቶ ሳያርም የሄደ ገበሬ ግን በአዝመራው መጥፎነት ሊደነቅ አይገባውም።

ከወንበሩ ቁጥር በላይ የሚያሳስበን መራጩ ነው። ደጁን አንድ ፓርቲ ብቻ የሚያንኳኳበት ሰው መረጠ ለማለት ያስቸግራል፤ ለመደ እንጂ። ተመራጩም ቢሆን የሚፎካከረው ከሌለ ለማን ብሎ መልስ ይሰጣል?

ይህን ሒስ ለሌሎች ብቻ አንሰነዝረውም። በተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ጊዜ ወዳጆቻችን ወደሚያድሩበት ሕንጻ አሥር ጊዜ ስንመላለስ፣ ወደ ሌላው ሕንጻ ግን አንድም ጊዜ አልሄድንም። «እነዚያ መቼም የእነሱ ናቸው» እንል ነበር። ሳንጠይቃቸው የእነሱ ያደረግናቸው እኛው ነን።