ዳርዊን በባሂያ ወደብ የዋለው ቀን

የረዥም የባሕር ጉዞ መጻሕፍትን ያነበበ ሰው፣ ደራሲው ከመርከብ ወርዶ በአንድ የቆላ ወደብ የሚውልበት ቀን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ምዕራፍ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ዓይን ውሃ ብቻ ሲያይ ሰንብቶ ልምላሜ በድንገት ሲገጥመው ይሰክራል፤ ብዕርም አብሮ ይሰክርና ገጹ በ«ድንቅ» እና በ«ግሩም» ይሞላል። ከዚህ ስካር ካመለጡት ጥቂት ገጾች አንዱ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ስለ ብራዚሏ ወደብ ስለ ባሂያ የጻፈው ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ቢግል የተባለችው መርከብ የደቡብ አሜሪካን ጠረፍ ለማጥናት ታኅሣሥ 27 ቀን 1831 ዓ. ም. ከእንግሊዝ አገር ተነሥታ፣ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተመለሰች። ዳርዊን ባሂያ ሲደርስ የ23 ዓመት ጐልማሳ ነበር። የካቲት 29 ቀን 1832 ዓ. ም. ብቻውን ጫካ ገብቶ ዋለ። ደስታውን አይደብቅም፤ ግን ወዲያው ወደ ጆሮው ይመለሳል። የነፍሳቱ ጩኸት ከየብስ ርቃ መልሕቅ ከጣለች መርከብ ድረስ ሲሰማ፣ በጫካው ውስጥ ግን ጸጥታ ሰፍኗል ይለናል። ሲመለስ ኃይለኛ ዝናብ ያዘውና ከዛፍ ሥር ተጠለለ። ቅጠሉ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ነበር የእንግሊዝ አገር ዝናብ ከቶ ባላለፈው ነበር፤ እዚህ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በግንዱ ላይ ጅረት ወረደ። ሌላ ተጓዥ ቢሆን ስለ ራሰው ልብሱ ይነግረን ነበር። ዳርዊን ግን ከዚሁ ምክንያት ያወጣል፤ ይኸውም ዝናቡ እንዲህ ባይበረታ ኖሮ አብዛኛው ውሃ መሬት ሳይደርስ ይመጠጥ ወይም ይተንን ስለ ነበር፣ የጫካው ወለል የለመለመው ከዝናቡ ብርታት የተነሣ ነው። የተፈጥሮን መልክ መግለጥ ለሚማር ተማሪ ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላውቅም።

ይሁን እንጂ በዚሁ ገጽ ላይ ሰው የለም። ሰውነቱን በአየርና በውሃ ነፍቶ በጀርባው ስለሚንሳፈፍ አንድ ዓሣ ሰፊ ሐተታ ተሰጥቶ፣ ባሂያን በትከሻቸው ተሸክመው ስለ ነበሩት አፍሪቃውያን ባሮች አንድ ቃል አልተጻፈም። ደራሲው አላያቸውም እንዳንል፣ በ1887 ዓ. ም. ከሞተ በኋላ የታተመው የሕይወት ታሪኩ ይመሰክርብናል። የመርከቧ አዛዥ ሮበርት ፊትዝሮይ በባሂያ አንድ ባለጠጋ ባሮቹን ሰብስቦ ነፃነት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው ሁሉም አንፈልግም እንዳሉ አወራለት። ዳርዊንም ባሪያ በጌታው ፊት የሚሰጠው መልስ ምን ዋጋ አለው ቢለው፣ አዛዡ ተቈጥቶ ከእንግዲህ አብረን ልንኖር አንችልም እስከ ማለት ደረሰ፤ ኋላ ግን ይቅርታ ጠየቀው።

ይህ ክርክር ከጫካው ያላነሰ የዚያ ወደብ ታሪክ ነው። ታዲያ ስለ ምን ቀረ? መጽሐፉ በ1839 ዓ. ም. መጀመሪያ የታተመው ፊትዝሮይ ራሱ ባሰናዳው የጉዞ ታሪክ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ነው። እንግዳ በጋባዡ ማዕድ ላይ ጋባዡን አይወቅስም፤ ጨዋነቱ ይገባኛል፣ ገጹ ግን ጐድሏል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሪዮ አጠገብ፣ በጀልባ መሻገሪያ ላይ፣ ዳርዊን ለማስረዳት እጁን ቢያወራጭ ሊመታው የመሰለው ባሪያ ፊቱን እንኳ ሳይከልል እጆቹን ወደ ታች የጣለበትን ጽፎልናል። እንዲህ የሚያይ ዓይን በባሂያ ዛፍ ብቻ አላየም።

በጥር 1835 ዓ. ም. አብዛኞቹ እስላሞች የነበሩ አፍሪቃውያን በዚያችው ከተማ ዐመፅ አስነሡ፤ ዐመፁም በአንድ ሌሊት ተደመሰሰ። ለባለጠጋው ጥያቄ ጌታ በሌለበት የተሰጠው መልስ ይህ ነበር። ቢግል በነሐሴ 1836 ዓ. ም. ወደ ባሂያ ተመልሳ አራት ቀን ቈየች። ዳርዊን በመጨረሻው ሽርሽሩ ላይ ያንን ውበት ለዘለዓለም በልቡ ለመያዝ ደጋግሞ እየቆመ ይመለከት እንደ ነበር ጽፏል፤ ያም ገጽ ይበልጡን የዛፎች ነው።